ጋሽ ታዲዎስ ቆም ያሉበት ቦታ

ጋሽ ታዲዎስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው እስኪደክም ታክሲ ነድተዋል፤ ካዛንቺስን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ነገር ግን ተሳፋሪ የቱንም ያህል ቢለምን በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አያልፉም ነበር፤ ዞረው ነበር የሚሄዱት። ልጃቸው ሰብሊ ምክንያቱን አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤታቸው ይዛቸው ስትወጣ፣ "በቃ፣ ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የተከፈተውን ፓርክ ዘና ብለን ነው የምናየው" አለቻቸው። እምቢ ማለት ከበዳቸው።

በሩ ላይ ተፈትሸው ገቡ። ግቢው ውስጥ ሰብሊ አበባው ጋ ቆም፣ ጽዱ ሥር ቆም ትላለች፤ እሳቸው ከመንገዱ መሀል ሳይወጡ ይገሰግሳሉ።

"አባዬ፣ ምን ያስቸኩልሃል? እስኪ እዚህ እንቀመጥ።"

"መቀመጥ ይፈቀዳል?"

"ወንበሩ ለምን የተቀመጠ መሰለህ?"

ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ወደ እነሱ መጣ። ጋሽ ታዲዎስ ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጥበቃው "ሰላም ዋሉ፣ አባባ" ብሎ አለፈ። ሰብሊ ግን ፊታቸውን አይታ ደነገጠች።

"ምን ሆነሃል?"

ተመልሰው ተቀመጡና ተናገሩ።

"በሰባ ዓመተ ምህረት ነው። ምጥ የያዛት ሴት አሳፍሬ ነበር። አጥሩ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች። ኮፈኑን ልከፍት ወረድኩ። ያኔ እዚያ መቆም ክልክል ነበር። ወታደሮች እኔን ይዘውኝ ሄዱ፤ እሷ ኋላ ወንበር ላይ ቀረች። ጩኸቷ ይሰማኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"አሥራ ሰባት ቀን አሰሩኝ። ስፈታ በየሆስፒታሉ ዞርኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ማን ብዬ ልፈልጋት? ልጁ ተወልዶ ከሆነ ይኸኔ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው።"

ሰብሊ እጃቸውን ያዘች። እንግዶች እየሳቁ በፊታቸው ያልፋሉ። ጋሽ ታዲዎስ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያያሉ።

ሲወጡ ሰብሊ ታክሲ ልትጠራ ስትል ከለከሏት። "በእግራችን፣ በአጥሩ በኩል እንሂድ" አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ እርምጃቸውን ቀነሱ።

"እዚህ ጋ ነበር" ብለው ቆሙ።

መኪናው ይተላለፋል፤ ምንም ያላቸው ሰው የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ሌላ ሰብሊ አልሰማችም። ብዙም ሳይቆዩ ግን ወደ አጥሩ ቀና ብለው አዩና ክንዷን ጠበቅ አደረጉ።

"በይ እንሂድ፣ ልጄ። ብዙ አንቁም።"