የመኪና መብራት፣ የጫማ ካርቶንና እማዬ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ አለ። የመጀመሪያ ቀን፣ የተሰበረ የፊት መብራት ፈልጌ ነበር ስለው፣ መኪናሽ ምንድን ነው አለኝ። መኪና የለኝም አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ ደግሞ ሲንቁኝ እልኬ ይብሳል። ክምሩን ራሴ አገላብጬ፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀ አንድ መብራት መርጬ ከፍዬ ወጣሁ። አሁንማ ተላምደናል፤ የማይጠገን መብራት ሲገባለት "ለዚያች መኪና ለሌላት ሴትዮ" ብሎ ያስቀምጥልኛል።

የምፈልገው መብራቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ሌንስ ነው። በአንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ያበጠ፣ ግማሽ ብርቱካን የሚመስል ወፍራም መስታወት። ሰው መብራቱ ሲሰበርበት ይህን የመሰለ ነገር አብሮ ይጥላል፤ ያናድደኛል። ሌንሱ እንዲወጣ ዙሪያውን ያለው ሙጫ መሞቅ አለበት፤ እኔም በዳቦ መጋገሪያችን አሞቅኩት። የዚያ ሳምንት ዳቦ ጎማ ጎማ አለ። ከዚያ ወዲህ ቆራሌው በደጃችን ባለፈ ቁጥር ባለቤቴ በረንዳ ላይ ወጥቶ "ና፣ እዚህ ቤት ዕቃ አለ" እያለ ይጠራብኛል። ይጥራ። እኔ በአንዱ ሌንስ የጉንዳን ጺም አይቻለሁ፤ በሌላው የፉሪን ተራራ ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቄዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ግን ጨዋታ ነበር። ቁም ነገር የሆነው እማዬ ስትመጣ ነው።

እማዬ ሆሳዕና ከተማ በቤተ ክርስቲያኗ መዝሙር የምትመራ ሴት ነበረች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ፣ ብቻዋን ከምትሆን ብዬ ላፍቶ፣ እኛው ኮንዶሚኒየም አመጣኋት። የዓይን ቀዶ ሕክምናም ተደረገላት፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አትጠብቁ አለን። ትልቅ ትልቁ ይታያታል፣ ደቃቅ ጽሑፍ ግን አበቃ።

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤቶቻችን ለጸሎት ኅብረት እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። የሚዘመረው አዲስ አዲሱ መዝሙር ነው፤ ሰው ሁሉ ከስልኩ እያነበበ ይዘምራል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። በኋላ ያንንም ተወችው። መዝሙር ሲጀመር "ሻዩን ልየው" ትልና ወጥ ቤት ትገባለች። ሻይ ደግሞ ምን ይታያል?

አንድ ሐሙስ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ እጄን ያዘችኝ።

"ልጄ፣ አገሬ መልሺኝ" አለች። "እዚያ ቢያንስ በቃሌ የማውቀው አለ። እዚህ አፌን ዘግቼ እስከ መቼ?"

አንጀቴን በላችው። ደግሞም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። እዚያ ሄዳ ብቻዋን ስትደናበር ታየኝ።

መጀመሪያ ካሉኝ ሌንሶች አንዱን ሰጠኋት፣ መዝሙሩ በታተመበት ወረቀት ላይ እያስኬደች እንድታነብ። ፊደል በፊደል ታያለች። አንዱን ቃል ስትጨርስ መዝሙሩ አልቆ አሜን ተብሏል። ቴሌቪዥኑም ተሞከረ፤ አፍንጫዋን ካላስጠጋች አይታያትም፣ ከተጠጋች ደግሞ ለሌላው ሰው የሚቀረው ጀርባዋ ነው። ፕሮጀክተር እሠራለሁ ያልኩት ያኔ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጫማ ካርቶን ጎኑ ይበሳል፣ ሌንሱ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል፣ ስልኩ ውስጥ ይቆማል፣ ከዚያ ምስሉ እስኪጠራ ስልኩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ማንሸራተት። ዳር ዳሩ ስለሚደበዝዝ መዝሙሩን በየገጹ ሁለት ሁለት ቃል አድርጌ መሃል ላይ ጻፍኩት። ምስሉ የሚያርፍበትን አንሶላ ከመስቀሌ በፊት በባለቤቴ ፎቶ ሞከርኩ። በጭንቅላቱ ቆሞ መጣ። ስልኩን ገልብጬ አቆምኩት፤ ተስተካከለ። የሰው ፊት ነውና ግራና ቀኙን ማን ያያል? ጨረስኩ ብዬ ኮራሁ።

የቀረው አንሶላውን የት እንስቀለው ነበር። ግድግዳውን ቡፌው ይዞታል። ቡፌ ደግሞ በእኛ ቤት አይነቃነቅም፤ ውስጡ ያለው ብርጭቆ እንግዳ ሲመጣ እንኳ አይወጣም። ስለዚህ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን በሚያገናኘው በር ላይ ወጠርነው።

ሐሙስ ደረሰ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፣ መብራት አጠፋን። እማዬ እንደ ልማዷ ሻዩን ልየው ብላ በአንሶላው ሥር ሾልካ ገብታለች። ልጥራት ስል ሰው ሁሉ ጀምሪ ጀምሪ አለኝ፤ ስልኩን አበራሁ።

ፊደሉ እንደ መዳፍ ተልቆ፣ አብርቶ መጣ። ግን ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶናል። ገ ወደዚያ ዞሯል፣ ረ ወደዚህ፤ ቃሉ ከመጨረሻው ይጀምራል። አንድ ቀልደኛ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኅቴ ይሄ በልሳን ነው የተጻፈው፣ ተርጓሚ ያስፈልገዋል አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ይሄን አልረሳለትም። ስልኩን ባዞረው ፊደሉ በጭንቅላቱ ይቆማል እንጂ አይመለስም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ።

በዚህ መሃል ከአንሶላው ወዲያ ድምፅ መጣ። እማዬ ናት። ቀስ ብላ ሁለቱን ቃላት አነበበቻቸው፤ ከዚያ በዜማው ደገመቻቸው። ዜማውንማ ወጥ ቤት ሆና ስንት ሐሙስ ሰምታዋለች። ለእኛ የዞረው ጽሑፍ ከጀርባ ላለው ቀጥ ብሎ ይነበባል ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ አፍንጫዋን አስጠግታ ማንንም አልጋረደችም።

እኔ ካርቶኑ ውስጥ እጄን እንዳስገባሁ ደርቄ ቀረሁ።

"ገጹን አዙሪ እንጂ" አለች ከወዲያ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

አዞርኩ። እሷ መራች። የኛ ሰው ደግሞ መሪ ያለውን መቀበል በልጅነቱ የለመደው ነው፤ ማንበብ ያልቻለው ሳሎን ሁሉ ከእሷ እየሰማ ተቀበላት። ቀልደኛው ወንድም ጭምር። እኔ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ጨለማ ነበር።

ስለ አገሯ መግባት ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ባለቤቴ ግን አያርፍም፣ ሰሞኑን አንድ ነገር አግኝቶ መጣ፤ ስልኩ ላይ ጽሑፉን መገልበጥ ይቻላል፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ ከፊት ያለነው ሁላችንም እናነባለን አለኝ። ይህን ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳታነሳ አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ በርጩማዋን ራሱ ወደ አንሶላው አስጠጋላት።

ባለፈው ሐሙስ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጥለቀለቀው። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ አላየችውም፤ ዓይኗ አንሶላው ላይ ነበር።