የአንድ ቀን ወንፈል

ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር የሰቆጣው ባለሱቅ ሬዲዮ ትዝ ይለኛል። ድንጋዩ ሲደክምበት ብልጭ ባለች የክረምት ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሬዲዮውም ትንሽ ይናገራል። በዚያ ክረምት ወሬው ስለ ኩርዶች ነበር። ኢራቅ ውስጥ ሁለት የኩርድ ቡድኖች ተጣልተው አንዱ ወደ ኢራን ሲጠጋ፣ ሌላው ትናንት ሲፈጀው የነበረውን የባግዳድ ጦር ጠርቶ ትልቁን ከተማ ከወንድሙ ቀማ።

እኔና ባልንጀራዬ ወንፈል ገብተን ነበር፤ አንድ ቀን የእናቷን ጤፍ እናርማለን፣ በማግስቱ የኛን። ስንጨርስ ከነጭቃችን ሱቁ ደጃፍ ቆመን ሬዲዮ እንሰማለን። ኋላ ወልድያ ትማር የነበረችው የባለሱቁ ልጅ ለክረምት መጣች። ባልንጀራዬን ከባንኮኒው ወዲያ አስገብታ ፀጉሯን ትሠራት ጀመር። እኔ ውጭ ቀረሁ። ሳቃቸውና የፀጉር ቅባቱ ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል። ምን ልበልሽ፣ እህል እስኪያስጠላኝ ቀናሁ። ልጆች ወልጄ እንኳ ያ ቅባት ሲሸተኝ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ጠዋት የነባልንጀራዬ ጎረቤት አረም እንዳግዘው ጠራኝ። ሰውየው እናቷ ባሏ ከሞተባት ወዲህ በአንዲት ቁራጭ መሬት ይካሰሳታል። የሚያሳርመኝ እሷኑ ቁራጭ እንደሆነ አውቃለሁ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ለድንበር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አረመው ብሎ ነው። ሄድኩ። እንዲያውም ባልንጀራዬ ስታልፍ እንድታየኝ በመንገዱ በኩል ሆኜ አረምኩ። አየችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ሽማግሌዎቹ የሴትዮዋ የገዛ ወንፈለኛ ካረመችለት ምን ክርክር አለው ብለው ለሰውየው ፈረዱ። ያን ዕለት ሱቁ ደጃፍ ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ ባለሱቁ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሙን ሊመታ ጎረቤት የጠራ፣ ጎረቤቱን በምን ይመልሰዋል?» አለ። ስለ ኩርዶቹ ይሁን ስለ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በማግስቱ ማለዳ ባልንጀራዬን ማሳችን ዳር ቆማ አገኘኋት።

«የኛን አርመሽ የናንተ ቀርቷል፤ የአንድ ቀን አለብኝ» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን አረምን። ሁልጊዜ የምንዘፍነውን አላነሳችም። ይቅርታ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጇን በሣር ጠረገች።

«እንግዲህ ምንም የለብኝም» አለችና ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ወንፈል አልገባንም። ያን ቀን እሷ የያዘችው የማሳችን ወገን ግን እስከ አጨዳ ድረስ አንድ አረም አልወጣበትም።