የተቆለፈው ቧንቧ

ኃይለመስቀል ኮርቻ ሠሪ ነው። ዘመሮ በምትባለው የደጋ ከተማ በቅሎ ወይም ፈረስ ያለው ሰው ወይ እሱ በሠራው ኮርቻ ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ ለምኖት ባዶ እጁን ሄዷል። በዋጋ አይከራከርም፤ አንዴ ተናግሮ ወደ መስፌው ይመለሳል። በሌላ ነገርም ቢሆን አንዴ ያለውን አይቀይርም። ሚስቱ ዓለሚቱ ይህን ጠባዩን ተሸክማ ልጆች አሳድጋ ድራለች።

ቧንቧ ግቢያቸው የገባው በዓለሚቱ ወገብ ምክንያት ነው። ድሮ ውሃ የምትቀዳው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ነበር። አንድ ቀን ጀሪካኗን እንዳዘለች ዳገቱ ላይ ወደቀችና ሰዎች ደግፈው አመጧት። ጤና ጣቢያ ወስዷት የነበረው ኃይለመስቀል “ከእንግዲህ ሸክም የለም” መባሉን በጆሮው ሰማ። በሳምንቱ የቧንቧ ማመልከቻ አስገባ። ፈቃዱ ሲመጣም ከመንገድ ዳር ካለው ቆጣሪ እስከ ግቢው ያለውን መስመር ራሱ ቆፍሮ ቱቦውን ራሱ ቀበረ። ለቆፋሪ መክፈል ሰስቶ ነው ያሉት አሉ። እሱ ደግሞ የሚስቴን ነገር ለሰው እጅ አልሰጥም ብዬ ነው አለ። ሁለቱም እውነት ነው።

ለዓመታት ውሃው በፈረቃ እየመጣ፣ ዓለሚቱም ግቢዋ ውስጥ ቆማ እየቀዳች ኖሩ። ባለፈው ኅዳር ግን የውሃው ሒሳብ እጥፍ ሆኖ መጣ። በታኅሣሥ ከዚያም ባሰ። ካልከፈሉ ቆጣሪው እንደሚነሣ ተነገራቸው። ኃይለመስቀል መስፌውን አስቀምጦ ነገሩን አሰበበት። ሲያስብ ቀና ቢል ዓለሚቱ ዕቃ ታጥባለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራው ሁለት ሆነ፤ ኮርቻ መስፋትና ዓለሚቱን ማየት።

“ይህን ድስት ትናንት አላጠብሽውም?”

“ትናንት ተበላበት እኮ።”

“እና ዛሬም ሊታጠብ ነው?”

ዓለሚቱ ድስቱን ማጠቧን ቀጠለች። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ራሱ ይጠየቅ።

በጥር መጀመሪያ ኃይለመስቀል ከገበያ ቁልፍ ገዝቶ መጣና የቧንቧውን እጀታ በሰንሰለት አስሮ ቆለፈው። መክፈቻውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ዓለሚቱ በር ላይ ቆማ አየችው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ቁጥጥር ነው። ስትፈልጊ ጠይቂኝ፣ እከፍትልሻለሁ።”

አልጮኸችም። አልተሳደበችም። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ለሩቅ እንግዳ እንደሚባለው፣ “እባክዎ ይክፈቱልኝ” አለችው። ከዚያ በኋላ መጠየቁንም ተወችው። ቆጥ ላይ አቧራ የጠጣውን አሮጌ ጀሪካን አወረደች፣ ገመዱን ፈትሻ አጠበቀች፣ ወደ ምንጩ ወረደች። ኃይለመስቀል ስትወጣም ስትገባም አያት። እልኋ ሲበርድ ትተወዋለች ብሎ ዝም አለ። ሰው የሚስቱን ወገብ እያወቀ እንዲህ ዝም የሚለው ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ፤ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ እጅ ልቡንም ያደርቀዋል መሰለኝ።

የጥር ሒሳብ መጣ። ቧንቧው ተቆልፎ የከረመበት ወር ከወሮቹ ሁሉ በልጦ ተገኘ።

ኃይለመስቀል ደረሰኙን ይዞ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደ። መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ የሚለውን ሰምታ ስትጨርስ፣ “አባቴ፣ ቧንቧ ክፍት ትተው ይሆን?” አለችው። እሱም ማስረጃ አለኝ ብሎ ከአንገቱ ላይ መክፈቻውን አውጥቶ አሳያት። ልጅቷ መክፈቻውንም አየችው፣ እሱንም አየችው።

“ቧንቧውን ነው የቆለፉት?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ከቆጣሪው ወዲያ መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በፈረቃችሁ ቀን ቆጣሪውን ይዩት፤ ቧንቧው ተዘግቶ የሚዞር ከሆነ ቱቦው ተበስቷል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ደግሞ የእርስዎ ነው፤ ማስጠገኑም የፈሰሰውንም መክፈሉ።”

በፈረቃው ቀን ቆጣሪው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። ቧንቧው እንደታሰረ ነው፣ ቆጣሪው ግን ሳያርፍ ይዞራል። ኃይለመስቀል የተሰማው ደስታ ነበር፤ ሌባው ተገኘ ብሎ። የተጠረጠረው ማን እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላለውም።

ዶማ አንሥቶ ግቢውን ይቆፍር ጀመር። ከቧንቧው ሥር ቆፈረ፣ ከደጃፉ ቆፈረ፣ ከአጥሩ ወዲህ ቆፈረ። ያገኘው ደረቅ አፈርና ድንጋይ ነው። ግቢው የበግ በረት ሊሠራበት የታሰበ ሲመስል የቧንቧ ሠራተኛውን ሰለሞንን ጠራ። ሰለሞን የተቆፈረውን ሁሉ ዞሮ አየና፣ “መስመሩ የሚመጣው በየት በኩል ነው ጋሼ?” አለው።

“በዚያ በካቡ ጥግ ነው። የአባይነህን ግቢ ጥግ ትንሽ ይነካል። ያኔ አስፈቅጄው ነው።”

“እና በዚያ በኩል አይተዋል?”

“ውሃ ቢኖር አይነግረኝም? ጎረቤቴ እኮ ነው።”

አባይነህ በጎች ያደልባል። በዚያ በጋ ውርጩ ሜዳውን አንድዶት የአገሩ የጋራ የሣር መሬት ጓሳም ለአጨዳ ገና ስላልተከፈተ የሰው በግ ሁሉ አጥንቱ ወጥቶ ነበር፤ የእሱ በጎች ግን ላታቸውን መጎተት አቅቷቸዋል። ምን ታበላቸዋለህ ሲሉት፣ “የጊዮርጊስ ነገር ነው” ብሎ ያልፋል። የግቢውን ጥግ በእሾህና በጆንያ አጥሮ ማንንም አያስጠጋም። ኃይለመስቀልና ሰለሞን ሄደው ጥጉን እንይ ሲሉት አባይነህ እጆቹን ዘርግቶ ቆመባቸው።

“አይሆንም።”

“ቱቦ ልናይ ነው እንጂ ምንህን ልንወስድብህ ነው?” አለ ኃይለመስቀል።

“ብቻ አይሆንም። ዓይን ያገኘዋል።”

“ምኑን?”

አባይነህ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አወጣው። በኅዳር በጎቹ ሊያልቁበት ሲሉ፣ እነዚህን ካተረፍክልኝ ሙክቱን አገባልሃለሁ ብሎ ለጊዮርጊስ ተስሏል። ብዙም ሳይቆይ በዚያ በውርጭ፣ በግቢው ጥግ ላይ ለምለም ሣር በቀለ። ሰው አይቶ በዓይኑ እንዳያደርቀው ፈርቶ አጠረው።

ሰለሞን እሾሁን በቀስታ ገፋ አደረገ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። በዶማው ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ውሃው ጭቃውን እየገፋ ፎለል አለ።



“የእኔ ውሃ ነው” አለ ኃይለመስቀል።

“ጊዮርጊስ የሰጠኝ ነው” አለ አባይነህ።

“በእኔ ቧንቧ?”

“በቧንቧ መስጠት ያቅተዋል እንዴ?”

ይህን የሚከራከር ሰው ደብሩ ድረስ መሄድ ነበረበት፤ ኃይለመስቀል ደግሞ ሥራ ነበረው። አባይነህም ክፉ ሰው አይደለም። የስለቱን ሙክት መንካት አይቻልም እንጂ ሣሩን የበሉት ሌሎቹም ናቸው ብሎ፣ አንዱን በግ ጎትቶ አምጥቶ ገመዱን ለኃይለመስቀል አስያዘው። ያ በግና ኃይለመስቀል ለራሱ ብሎ ያስቀመጠው ጌጠኛ ኮርቻ ተሸጡ፤ ውዝፉና የሰለሞን ድካም ተከፈለ። ቆጣሪው አልተነሣም።

የተሰነጠቀው መገጣጠሚያው ነበር። ልኩ ዘመሮ ስላልተገኘ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ድረስ መስመሩ ተዘጋ። ማታ ኃይለመስቀል ሰንሰለቱን ፈታና መክፈቻውን ለዓለሚቱ አቀበላት።

“ይኸው” አላት። “ቱቦው ነው ጥፋተኛው።”

“ደስ አለኝ ለቱቦው” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ጠዋት መነሣት አቃታት። ወገቧ እንደ ድሮው ያዛት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚጠጣ ጠብታ የለም። ኃይለመስቀል አህያ ሊለምን ወጣ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ አህያው ሁሉ ተጭኖ ወርዷል። ተመለሰና ጀሪካኑን አየው። በዚያ አገር ወንድ ውሃ አዝሎ ዳገት ሲወጣ የታየ እንደሆነ ወይ ሚስቱ ሞታለች፣ ወይ ሰው መሆን አቅቶታል። ጀሪካኑን አንሥቶ ወረደ።

ምንጩ ላይ የነበሩት ሴቶች ተራ ለቀቁለት። ከዚያ አንዷ አላስቻላትም።

“ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ቁልፉ ጠፋ እንዴ?”

ሳቁ ገደሉ ውስጥ አስተጋባ። የቁልፉን ነገር አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ሞልቶ አዘለውና ዳገቱን ጀመረ። በጀርባው ውሃው ይንቧቻል፣ ገመዱ ደረቱን ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹ አልበቃ አለው። የዓለሚቱ ወዳጅ በዛወርቅ የራሷን እንስራ አዝላ ደረሰችበትና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየችው።

“እዚህ ላይ አሳርፈው ይተንፍሱ። ዓለሚቱም እዚህ ነው የምታርፈው።”

አሳረፈ። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ “ያማት ነበር?” አለ።

“ያማት ነበር። ታለቅስም ነበር።”

“ወገቧ ነዋ።”

“ወገቧንማ ለምዳዋለች” አለች በዛወርቅ። “ከስንት ዘመን ትዳር በኋላ ሌባ መባሏ ነው እንጂ።”

“እኔ? ሌባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም!”

“ቆለፉባት እኮ። ሌላ ምን ሊሏት ኖሯል?”

በዛወርቅ እንስራዋን አደላድላ መንገዷን ቀጠለች። ኃይለመስቀል ድንጋዩ ላይ ቀረ። አፈረ። ሴቶቹ ሲስቁበት ያላፈረውን ያህል፣ የሚያየው ሰው በሌለበት ፊቱ እስኪግል አፈረ። ቆጣሪው ሲዞር ደስ ያለው ትዝ አለው። ደጋግሞ ተነሣ፣ ደጋግሞ አረፈ፣ ቤቱ ደረሰ።

ዓለሚቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነበረች። ውሃ ቀድቶ አጠገቧ አኖረና ቆመ።

“በድዬሻለሁ” አለ። “ቱቦው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።”

ውሃውን አልነካችውም።

“ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ አረፍክ?”

“አንድ ጊዜ።”

“አንድ ጊዜ?”

“መቁጠሩን ተውኩት።”

ዓለሚቱ ቀስ ብላ ዞረችና አየችው። ጋቢው ርሷል። ኩባያውን አንሥታ ጠጣች።

“እንግዲያው ና ወገቤን እሸኝ” አለችው። “እጅህን ግን መጀመሪያ አሙቀው።”