በሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ለቅሶ

እኔ በአዊ ምድር ስሙ የታወቀ ሰው ነኝ። አስተማሪ ሳይኖረኝ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ክራር በገዛ እጄ ጠርቤ ደርድሬአለሁ፤ በአማርኛም በአገራችን ቋንቋ በአውኚም እገጥማለሁ። እንጅባራ ላይ ስለ ዜማ ክርክር ከተነሳ "ሙላትን ጠይቁት" ነው የሚባለው። ይህን የምናገረው ባለፈው ጥር የሠራሁት ጥፋት ካለማወቅ እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አዘጋጅ ስለ አንድ ፈረሰኛና ስለ ሚስቱ ሙዚቃዊ ቴአትር ሊያሳይ ፈልጎ አማካሪው አደረገኝ። ለሚስትየዋ ወርቅነሽን መረጥሁለት። ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዜማ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሥራዋን እየዘጋች ለልምምድ እንጅባራ ተመላለሰች።

አንድ ቀን ስፌት ቤቷ ሄጄ ሚስትየዋ ለሞተው ፈረሰኛ በአውኚ የምታወርደውን ሙሾ ወርቅነሽ ስታወርደው በስልኬ ቀዳሁ። "ለማስታወሻ ነው" አልኋት። የወርቅነሽን የገዛ ወንድም የገደለው ፈረስ ነው። መሀሉ ላይ ድምጿ ተሰበረ፤ ዝም አለች፤ ሳግ እየተናነቃት ጨረሰችው። ተማሪዬን ሰምቶ እንዲያደንቀኝ ቅጂውን ለአዘጋጁ ላክሁለት።

ከሳምንት በኋላ ጠራኝ።

"አባባ፣ ወርቅነሽ ጎበዝ ናት። ግን በእሷ ስም ማን ትኬት ይገዛል? ከውጭ አገር ዘፋኝ እያስመጣሁ ነው።"

"አውኚ ትችላለች?"

"እርስዎ በላኩት ድምፅ እየተለማመደች ነው።"

ስሜ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ዝም አልሁ። ወርቅነሽ መጥታ "አያ ሙላት፣ አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ አዘጋጁ እርስዎን ይሰማል" ስትለኝም "እስቲ እናያለን" ብዬ ሸኘኋት።

የትርኢቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ወርቅነሽን አጠገቤ አስቀምጫታለሁ። እንግዳዋ ሙሾውን አንዲት ቃል ሳትስት አወረደችው። መሀሉ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ፤ ዝም አለች፤ ሳግ ተናነቃት። ያው ሳግ ነው፣ በቦታው፣ በልኩ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ወርቅነሽ አላጨበጨበችም። "አያ ሙላት፣ ለቅሶዬንም ሰጧት?" አለችኝና ወጣች።

ዘፋኟን አልወቅሳትም፤ የሰጧትን ነው የተማረችው። እኔ ግን ዛሬም ክራሬን ሳነሳ ያ ሳግ ይመጣብኛል።

ከዚያ ወዲህ የቻልሁትን አድርጌአለሁ። ሳጉ ወርቅነሽ ለገዛ ወንድሟ ያለቀሰችው እንደነበር ለአዘጋጁ ነገርሁት። ስሜን ከማስታወቂያው አስፋቅሁ። ቅጂውን ከስልኬ አጠፋሁ። ዳንግላ ሦስት ጊዜ ሄድሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ደጅ ቆሜ ተመለስሁ። በሦስተኛው ጊዜ ገባሁ፤ ወንበር ሰጥታኝ ስፌቷን ቀጠለች።