ሦስቱ ጽሑፎች በአንድ ፎልደር

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትዝ ያለኝ ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብላ «ፎቶዎችሽን በየዓይነታቸው ልለይልሽ?» ስትለኝ ነው። ሳላስበው እጇን ያዝኩት።

ያኔ መካነ ሰላም፣ አባቴ ቤት ጓዳ ተቀምጬ ብሎግ እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እያንዳንዱን ጽሑፍ ላፕቶፔ ላይ ራሱን በቻለ ፋይል አስቀምጥና የኢንተርኔት መስመር ሲገኝ ገጾቹን አንድ ላይ ሠርቼ እልካለሁ። አንዴ ከሄደ፣ መስመር ተመልሶ እስኪመጣ አንዲት ፊደል ማረም አይቻልም። ፋይሎቹ በየቀናቸው ተደርድረው ስልሳ ሲሞሉ አንባቢዎቼ «የፈለግነውን ማግኘት አቃተን» አሉኝ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ አባቴ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሄዶ፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምኩ በየጉዳያቸው ለየኋቸው፦ ሰርግ፣ ገበያ፣ እርሻ፣ ስደት። በአንድ ፎልደር ያሉት በአንድ ገጽ ተከታትለው ይነበባሉ። ላክኩት።

ቅዳሜ ከጅዳ አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ አንባቢዬ፣ ደወለች።

«አንቺ፣ ይቺ የአክስትሽ ልጅ ሀያት አይደለችም?»

«ስም አልጻፍኩም እኮ።»

«ስም ምን ያደርጋል? አንጓዋ ላይ የካውያ ጠባሳ፣ ከአሠሪ ቤት መጥፋት፣ አራት ወር እስር። ወላሂ እሷ ናት። የእጮኛዋ ወንድም እዚሁ ነው፤ እሱም ያነብሻል።»

ሀያት ከዓረብ አገር ተመልሳ የነገረችኝን ሦስቱን በተለያየ ወር፣ የሦስት ሴቶች ታሪክ እስኪመስል ነበር የጻፍኳቸው። አክስቴ ጠባሳው የዘይት፣ የአራት ወሩ ዝምታም የስልክ ብልሽት ነው የሚመስላት። የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ደግሞ የኒካሁን ቀን ለመቁረጥ በመጪው ጁምዓ ከወረኢሉ ሊመጡ ነው።

ገጹን ላነሣው ስል የኢንተርኔት መስመር የለም፤ ከተማው በሙሉ ጠፍቶበታል። ደሴ ወርጄ እንዳላነሣው ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። ፋይሎቹን ከፎልደሩ አውጥቻቸዋለሁ፤ ሰው የሚያየው ግን ያንኑ የላክኩትን ነው። በየቀኑ ጭቃውን እየረገጥኩ አክስቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ልናገር አፌን እከፍትና የቀረበልኝን ንፍሮ እጎርሳለሁ።

«ምነው ገረጣሽ?» አለች አክስቴ። «ያ የምትጽፊበት ሳጥንሽ ደም ይመጥጣል እንዴ?»

ሀያት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሐሙስ ሀያትን ጓሮ ወስጄ ነገርኳት።

«ስሜን ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም። ሦስቱን አንድ ላይ አደረግኳቸው።»

እጅጌዋን እስከ መዳፏ ሳበችው። «ሦስት ጊዜ ለያይቼ የነገርኩሽ ለምን መስሎሽ ነው?»

ዛሬ ጽሑፎቼን በየቀናቸው ብቻ ነው የማስቀምጣቸው። ፈልጎ ያጣ ይቆጣል፤ ይቆጣ። የሰው ምስጢር ስሙን በመተው ብቻ የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር።

ጁምዓ ሽማግሌዎቹ አልመጡም፤ ከዚያ ወዲያም አልመጡም። ያስቀራቸው ናዳው ይሁን ገጹ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። በዚያው ቀን ሀያት እናቷን አስቀምጣ ሦስቱንም በቅደም ተከተል ነገረቻት። በመስከረም አቀስታ ሄዳ ገበያው ላይ የጨርቅ መደብ ያዘች።