ጀማው የሚቀበለው ስንኝ

አንዳንዱን ዝርዝር ላዛባ እችላለሁ። ነገሩ የሆነው ከረመዳን በፊት ይሁን በኋላ፣ እንኳን ለሌላ ሰው ለራሴም እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም።

በዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ቅኝ የተገዙ ሕዝቦች ከነጻነት በኋላ የጻፉትን ግጥም ነው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ «እኛ አልተገዛንም፤ ምን አገባን?» ይለኛል። መመለሱ ታክቶኛል። ስለዚህ ሸዋሮቢት ያሉት አጎቴ በሐሙስ ዱዓ የሚመሩትን፣ በጣልያን ጊዜ የተገጠመ መንዙማ ቀድቼ ለክፍሉ አባዛሁት። ወራሪውን የሚረግም ነው። ለዱዓ የተሰበሰበው ጀማ እየተቀበለ የሚደጋግመውን ስንኝ ቦታ እንዳይፈጅ አስቀረሁት።

ለዕረፍት ሸዋሮቢት ስሄድ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። አጎቴ በረንዳው ጥላ ሥር ማሾ እየለቀሙ ሰሙኝ፤ ሽንኩርት ነጋዴው ጎረቤታቸውም ነበር።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ጀማውስ?»

«ያው ስለሚደጋገም ተውኩት።»

ጎረቤቱ ሳቀ። «የተማረ ሰው አሚን ማለት ይታክተዋል።»

አጎቴ አልሳቁም። «እርግማኑን ወስደህ ዱዓውን ትተሃል።»

ስንኙን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው ኋላ ተቀብያለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አስቤበት አላውቅም። ቸግሯቸው የወራሪውን እንጀራ ለበሉ ሰዎች ምሕረት ይለምናል።

«አባቴ፣ አያትህ፣ ጣርማ በር ላይ ለጣልያኖቹ መንገድ ድንጋይ ፈልጧል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በኋላ ጠመንጃቸውንም ያዘ። ማንም በደግ አያነሳውም። በዚህች ስንኝ ብቻ አሚን ይባልለታል። ተማሪዎችህ አሚን ይበሉ አልልህም፤ እንዳለ ይስሙት።»

እንደማስተካክለው ቃል ገባሁ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ጥርጣሬ ያዘኝ፦ ስንኙን ለአባታቸው ሲሉ ራሳቸው ጨምረውት ቢሆንስ? የእኔ ትውስታ ምስክር አይሆንም፤ የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ ነው። እሳቸውን መጠየቅ ደግሞ ነውር መሰለኝ።

በሌላ ዕረፍት ከሸዋሮቢት ራቅ ወዳለችው ማጀቴ ከተማ ሄድኩ። አጎቴን የማያውቁ አንድ አዛውንት አግኝቼ እርግማኑን ብቻ እንዲሉልኝ ለመንኳቸው፤ ስለ ተቀባዩ ትንፍሽ አላልኩም።

«ያለ ተቀባይ አይወጣልኝም» ብለው ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠሩ። አዛውንቱ መሩ፤ ሴትዮዋ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ተቀበሉ።

ስንኙ ማጀቴም አለ። ከአጎቴ ከሰማሁት ጋር አስተያየሁት፤ ቃል በቃል አንድ ነው።