የመጋረጃ ሳቢው ትንንሽ ተዋንያን

ታናሽ ወንድሜ ቴአትር ቤት መጋረጃ ሳቢ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ኋላ ገመድ ይዞ ቆሟል። አንዴ ከቆመበት ስለማይነቃነቅ ባልደረቦቹ «ምስማር» ይሉታል። እሱም «አቤት» ይላል፤ ምን ይደረግ፣ ሰው መቀየም አያውቅም!

በትርፍ ሰዓቱ ከተሰባበረ የመድረክ እንጨት ጣት የሚያህሉ ተዋንያን ይቀርጻል። እኔ ቤት ሲመጣ ኪሱ ሁሉ ፍቅፋቂ ነው፤ «ኧረ ምንጣፌን!» እያልኩ ስጮህበት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ቅርጾቹን አየለትና «ኤግዚቢሽን እናዘጋጅልህ፤ ሰው ከወደደው ገመዱን ትተህ የመድረክ ዲዛይን ክፍል ትገባለህ» አለው። ወንድሜ ከደስታው ብዛት እህል አልበላ አለው።

በመክፈቻው ቀን ቀድሜ ደረስኩ። እሱ ሸሚዝ ሊቀይር ሄዷል። ጠረጴዛዎቹን ሳይ ክው አልኩ፤ ስድሳ ምናምን ተዋናይ በሙሉ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ወንድሜ ተደናግሮ ነው ብዬ አንድ በአንድ ወደ በሩ አዞርኳቸው። መነጽሬን እንኳ አልያዝኩም። ማን ጠይቆኝ? የእኔ ነገር፣ እጄ አያርፍም።

እንግዶች ገቡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ሳቁ። «ፊት የላቸውም እኮ!» አለች አንዷ። እውነትም ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፤ ልሙጥ እንጨት። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ወንድሜ ሲገባ ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«አንተ፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ? ፊታቸውን ሳትጨርስ ሰው ትጠራለህ?»

ጠረጴዛውን አየ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም።

«እትዬ፣ እኔ የማያቸው ከኋላ ነው። ያላየሁትን ፊት ከየት ላምጣው?»

«በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ፊት ለፊት ቁጭ ብለህ ማየት አቃተህ?»

«ለሠራተኛ በየቴአትሩ የሚሰጠው አንድ ነጻ ትኬት ነው» አለኝ። «እሱን ደግሞ አንቺ ትወጃለሽ ብዬ...»

ያን ሁሉ ዓመት በእሱ ትኬት የፊት ወንበር ላይ እግሬን አነባብሬ ሳጨበጭብ፣ «አንተስ የት ሆነህ ታያለህ?» ብዬው አላውቅም።

ተመልሼ ቅርጾቹን እንደነበሩ ማዞር ጀመርኩ። አንዲት አንጋፋ ተዋናይት አንዷን አንስታ ጀርባዋን በጣቷ ዳሰሰች። «ይቺ እኔ ነኝ! ይሄ የእኔ ትከሻ ነው። ማነው እንዲህ ልብ ብሎ ያየኝ?» አለች። ሌሎቹም ተዋንያን ራሳቸውን ሊፈልጉ ተሻሙ። ኃላፊው መጥቶ የወንድሜን እጅ ጨበጠ፤ «ሰኞ ዲዛይን ክፍል ና» አለው።

እሱ ደግሞ ጎትቶ አመጣኝና «እህቴ ናት፤ ስታግዘኝ ነው የዋለችው» እያለ ለሁሉም ያስተዋውቀኛል። እኔ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም።